የሰባት ቁጥር ጣቢያ ይለፍ

ዜናው በጣቢያው ስልክ የገባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት በመንደሩ ያልሰማ ቢኖር ገና ያልተወለደ ልጅ ብቻ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከሰባት ቁጥር ጣቢያ ስልክ የወጣ ወሬ ግን አፋፉንም አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ጆሮ ሳይገባ አያድርም።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ፈጣኑን ባቡር የምትነዳው የጣቢያዋ ኃላፊ ልጅ ናት!»

ኃላፊዋን መንደሩ በስሟ አይጠራትም። «እትዬ ደንቡ» ይላታል። ሁለት ነገር ስትናገር አንዱን «ደንቡ ነው» ብላ ስለምትዘጋ ነው። ባቡር ሳይቆም አይወረድም፣ ደንቡ ነው። ፍየል ያለ ገመድ መድረክ ላይ አትወጣም፣ ደንቡ ነው። ባለቤቷ አንድ ቀን ሊያቅፋት ሲጠጋ እንኳ «ቆይ ባንዲራውን ላስቀምጥ፣ ደንቡ ነው» ብላዋለች ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያወሩልኝ ግን ቀልድ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ማክሰኞ ስልኩን ያነሳችው ራሷ ነበረች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሐሙስ ተራዬ ደረሰ።»

«የምን ተራ?»

«የፈተናዬ ነዋ! ፈጣኑን ይዤ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። ፈታኙ አጠገቤ ይቀመጣል። ስምንት ቁጥር ጣቢያ ሳልደርስ አንዲት ስህተት ካገኘብኝ ተመልሼ ሁለት ዓመት ረዳት ነኝ። ካላገኘብኝ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን የምነዳ ነጂ ነኝ።»

እትዬ ደንቡ ወንበር ፈለገች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ነበር፣ አላየችውም። ልጅቷ አምስት ዓመት ሙሉ በረዳትነት ዘይት ስትጠርግ፣ መንኮራኩር ስትፈትሽ፣ ለነጂዎች ሻይ ስታቀብል የኖረችው ለዚህች ቀን ነው።

«እንዳትጠሪኝ እሺ? እጅሽንም እንዳታውለበልቢ። አባዬንም እንዳያለቅስ ንገሪው። ቀለበቱን ብቻ አቀብዪኝ።»

«እኔ ደግሞ መቼ አልቅሼ አውቃለሁ?» አለችና ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

ይህ የቀለበት ነገር እንዲገባን ጣቢያው ለምን እንደተሠራ መታወቅ አለበት። ለመንደሩ ተብሎ አልተሠራም። ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ሂያጅና መጪ ባቡር ግንባር ለግንባር እንዳይጋጩ የሚተላለፉበት ቦታ አስፈለገና መሐንዲሶች መጥተው ጠፍ ሜዳ ላይ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ የውሃ ማማና አንድ ረዥም መድረክ ሠርተው ሄዱ። መንደሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የውሃ ሞዪው ሚስቱን አመጣ። ሚስቲቱ እህቷን አመጣች። እህቲቱ ሻይ መሸጥ ጀመረች፣ ሻይ ካለ ተቀማጭ አይጠፋም፣ ተቀማጭ ካለ ደግሞ ቤት መሥራቱ አይቀርም። ዶሮ ነው ወይስ እንቁላል የሚቀድመው እያለ የሚከራከር ካለ እዚህ ይምጣ፤ እዚህ የቀደመው ባቡሩ ነው።

ለመንደር ያልተሠራው ጣቢያ እንግዲህ ለመንደሩ ያልሆነው ነገር የለም። ትምህርት ቤት ሳይኖር በፊት የተጠባባቂዎች ክፍል ውስጥ ፊደል ተቆጥሮበታል፤ የአግዳሚ ወንበሮቹ ጀርባ ላይ የተቀረጹት ፊደሎች ዛሬም አሉ። በመንደሩ የመጀመሪያው ሰዓት የጣቢያው ሰዓት ነው። ሰኞና ዓርብ የሚቆመው ቀርፋፋው ባቡር የወተት በርሜል ይጭናል፣ ዘር ያወርዳል፣ ደብዳቤ ያመጣል፣ የሐኪም መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ይዞ ይደርሳል። ሰው መነጽሩ ሲሰበር እንኳ ለጣቢያው ሰጥቶ ይልካል፣ በሳምንቱ ተጠግኖ ይመጣለታል።

የጓዝ ሚዛኑም አለ። ሚዛኑን የሚጠብቀው የእትዬ ደንቡ ባለቤት ነው፤ መንደሩ «ባለሚዛኑ» ይለዋል። ሆደ ቡቡ ሰው ነው፤ የባቡር ጭስ ዓይኔ ገባ እያለ ሲያለቅስ ባቡሮቹ ጭስ ካቆሙ አሥራ ምናምን ዓመታቸው ነው። በመንደሩ የተወለደ ሕፃን ሁሉ በዚያ ሚዛን ተመዝኖ ኪሎው በሩ መቃን ላይ በጠመኔ ይጻፋል። የገዛ ልጁ የተወለደች ዕለት ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ብሎ ጻፈና፣ ጨርቋ ላይ «ተሰባሪ ዕቃ» የሚለውን ወረቀት ለጥፎ ለእናቷ መለሳት። ወረቀቱን እናቲቱ እስካሁን አልጣለችውም።

ፈጣኑ ባቡር ግን በዚህ ጣቢያ ቆሞ አያውቅም። አንድም ቀን። ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም፤ ዝግ የሚለውም ለቀለበቱ ሲል ነው። ከሰባት ወደ ስምንት ቁጥር ጣቢያ የሚሄድ ባቡር ይለፍ ካልያዘ ሐዲዱን አይረግጥም። ይለፉ የብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ናስ ናት፤ ላይዋ ላይ «ከሰባት እስከ ስምንት» ተብሎ ተቀርጿል። የምትወጣው ቢሮው ውስጥ ካለው ቀይ ሣጥን ነው፣ ያውም የስምንት ቁጥሩ ሰውዬ ከዚያ ማዶ ደወል ደውሎ ሲፈቅድ። አንዷ ከወጣች ሌላ አትወጣም፤ ስለዚህ ናሷን የያዘ ሐዲዱን ያዘ ማለት ነው። ናሷ በቆዳ ከረጢት ትከተታለች፣ ከረጢቱ የወንፊት ክብ የሚያህል የሽቦ ቀለበት ላይ ይታሰራል። የጣቢያው ኃላፊ ቀለበቱን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ነጂው በመስኮት ጎንበስ ብሎ ክንዱን አሾልኮ ይወስደዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ባቡር ነጂም ይለፉን ከያዘ ስምንት ሳይደርስ አይለቅም።

ደንቡ ሁለት ነው። አቀባዩ ከማቀበሉ በፊት ከረጢቱን ከፍቶ ያነባል። ተቀባዩም እንደተቀበለ ከፍቶ ያነባል።

ይህን ልጅቷ ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። ገና አምስት ዓመቷ ሳለ እናቷ አሮጌ ቀለበት ይዛ መድረኩ ላይ ትቆማለች፣ ልጅቷ «ቹ! ቹ!» እያለች ሮጣ መጥታ ክንዷን ታሾልካለች። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ቀን ናስ፣ አንድ ቀን ጠጠር፣ አንድ ቀን ባዶ። ሳትከፍት ሮጣ ካለፈች ከመድረኩ ጫፍ ትመለሳለች።

«አንቺ አይደለሽ የሰጠሽኝ?» ብላ ስታለቅስ፣

«ከእናትሽ እጅ ቢሆንም ከፍተሽ አንብቢ! ደንቡ ነው» ትላታለች።

ባለሚዛኑ «ልጅ ናት እኮ፣ ተያት» ሲል፣ «ባቡር ልጅ አያውቅም» ነበር መልሷ። ጨካኝ መስላ ከታየቻችሁ እኔም አልፈርድባችሁም።

እና ረቡዕ ዕለት ሰው ሁሉ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ሻይ ቤቱን ዛሬ የያዘችው የእትዬ ደንቡ ታላቅ እህት ናት፤ ትንሹም ትልቁም «እታለም» ይላታል። ወሬው ደርቶ፣ ብርጭቆው ተንኳኩቶ፣ ሲያልቅ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነጂው ቀለበቱን ከሳተ ባቡሩ ይቆማል አይደል?»

«ይቆማል።»

«እንግዲያው...» መምህሩ ግራ ቀኝ አየ። «አንቺ ቀለበቱን ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው? አንድ ስንዝር ብቻ። ትቆማለቻ! አንድ ደቂቃ እንያት፣ ልጆቹ ይዘምሩላት፣ ከዚያ ትሂድ። በገዛ ጣቢያዋ እንደ ነፋስ ሽው ብላ ልታልፈን ነው?»

«እውነቱን ነው!» አለ ሰዉ።

«ነብር አየኝ በል፣ መምህር!» ብላ ተነሳች። «ቀለበት የሳተ ነጂ በዚያው ወደቀ። ልጄን ልትጥሏት ነው ወይስ ልታከብሯት? ነገ የመድረኩን ነጭ መስመር የሚያልፍ ሰው ባየሁ ቀርፋፋው ላይ ጭኜ ነው የምሰደው!»

ሰዉ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እሷም አስባው ነበር። ልጇን ካየቻት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ማድረግ ምንም አይደለም፣ ክንድ ደከመ ይባላል። ይህን ያሰበችው ማክሰኞ ሲሆን በራሷ አፍራ እስከ ረቡዕ ለባሏም አልነገረችውም።

ሌላም ነገር ነበር። ቢሮዋ መደርደሪያ ላይ ግራጫ ደብተር አለ፤ «የስህተት መዝገብ» ይባላል። የጣቢያ ኃላፊ ጥፋት ሲሠራ በገዛ እጁ የሚጽፍበት ነው። እሷ ከተሾመች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት አንድ መስመር አልተጻፈበትም። መንደሩ እንግዳ ሲመጣ ይህን ባዶ ደብተር ያስጎበኛል።

ሰዉ ሲበተን እታለም ወደ ቢሮው ገባችና ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀለበት አገላብጣ አየች።

«ይቺ ከረጢት ስንት ትይዛለች?»

«ይለፍ ትይዛለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አትይዝም። ደንቡ ነው።»

«እሺ፣ ምን አስቆጣሽ? ጠየቅሁ እንጂ» አለች እታለም። ሄደች። እትዬ ደንቡ እህቷን ሃምሳ ዓመት ታውቃታለች፤ እንዲህ ቶሎ «እሺ» ስትል መጠርጠር ነበረባት።

ሐሙስ ነጋ። ነፋስ የበዛበት ብሩህ ቀን ነው። መድረኩ በውሃ ታጥቦ ያበራል። ባለሚዛኑ የሠርጉን ኮት ለብሶ ሚዛኑን ሲወለውል ቆይቶ፣ ምንም የሚመዘን ነገር ሳይኖር ሦስት ጊዜ አስተካከለው። መምህሩ ተማሪዎቹን አሰልፏል። እታለም ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ አውጥታ ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች። ባቡሩ የማይቆም መሆኑ ሺህ ጊዜ ተነግሯታል፤ «ቢያንስ ስታልፍ ጠረጴዛውን ትየው» ብላ ነው።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ስድስት ቁጥር ነው።

«ፈጣኑ ወጥቷል። እትዬ፣ ሴት ልጅሽ ናት ሞተሩ ላይ! በዓይኔ አየኋት!»

«ሥራህን ሥራ» አለችው። ወደ ስምንት ደወለች። ስምንት መለሰ። ቀዩ ሣጥን ጠቅ አለና ናሷን አወጣ። አንስታ አነበበች፤ ከሰባት እስከ ስምንት። ከረጢቱ ውስጥ ከታ መቆለፊያውን አሰረች፣ ቀለበቱን ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለች፣ የሐዲዱን መሻገሪያ የሚዘጋውን አግዳሚ እንጨት ልታወርድ ወጣች።

መሻገሪያው ላይ አንድ ጋሪ ቆሟል። ባለጋሪው ከጋሪው ላይ ተነስቶ ቆሞ ወደ ስድስት አቅጣጫ አሻግሮ ያያል።

«ሰውዬ! ከሐዲድ ላይ ውረድ!»

«ልጅሽን ላያት ብዬ ነው እትዬ፣ ከዚህ ይሻላል።»

«እዚያ ካየችህ ፍሬን ይዛ ፈተናዋን የምትወድቀው እሷ ናት! ውረድ!»

ፈረሱ ከሰውየው ይልቅ አስተዋይ ስለነበረ በራሱ ሄደ። አግዳሚውን አውርዳ፣ የባቡሩን የማለፊያ ምልክት አንስታ ስትመለስ ሐዲዱ መዘመር ጀምሯል። ቢሮ ገብታ ቀለበቱን ከምስማሩ አነሳች። መድረኩ ጫፍ ላይ አቀባዩ የሚቆምበትን ነጭ ክብ ረግጣ ቆመች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ከረጢቱ መቆለፊያ ሄደ።

በዚያች ቅጽበት ኩርባው ላይ ባቡሩ ጮኸ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። የሰባት ቁጥር ጣቢያ የስልክ ጥሪ ነው፤ ልጅቷ በአምስት ዓመቷ በአፏ «ቹ ቹ ቹኡኡ» እያለች ከወተት በርሜሎቹ መሃል ስትወጣ የምታሰማው ድምፅ። ከመድረኩ ሰዉ አስተጋባ፣ ተማሪዎቹ ጮኹ፣ ባለሚዛኑ ገና ምንም ሳያይ ማልቀስ ጀመረ። የእትዬ ደንቡ እጅ መቆለፊያውን ለቀቀ። ቀለበቱን ከፍ አደረገችው። አንድ ስንዝር ዝቅ ሳይል፣ አንድ ስንዝር ሳያልፍ።

ባቡሩ መጣ። ግዙፍ፣ ሰማያዊ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ መጣና ዝግ አለ። በመስኮቱ ልጇ ወጣች። ፀጉሯ በሻሽ ተጠቅልሏል። ዓይኗ ቀለበቱ ላይ ብቻ ነው፤ እናቷን አላየችም፣ አባቷንም፣ ጠረጴዛውንም። ክንዷን ዘረጋች። እናቲቱን የቆዳው ሽታ፣ የዘይቱ ሽታ፣ የልጇ እጅጌ ነፋስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቷን መታት። ቀለበቱ ከእጇ ተመንጭቆ ሄደ። ልጇ ከስድስት ይዛ የመጣችውን ቀለበት በምትኩ ጣለችላት፤ እግሯ ሥር ወድቆ ተንከባለለ።

«ያዘችው!» ብሎ መንደሩ ደነፋ። «ያዘችው! ያዘችው!»

ያዘችው! እትዬ ደንቡ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጩን ክብ ለቅቃ ዘለለች። ኮፍያዋ ወደቀ። መምህሩ አነሳና በግልባጩ ራሷ ላይ ደፋላት። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ እያለፉ ነው፣ በየመስኮቱ ያሉት መንገደኞች ይህ ሁሉ ሰው ምን ነካው ብለው ያያሉ።

ከዚያ ፍሬኑ ጮኸ።

ፈጣኑ ባቡር፣ በሰባት ቁጥር ጣቢያ አንድም ቀን ቆሞ የማያውቀው ፈጣኑ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጭብጨባው ሰማዩን ቀደደው። «ለእኛ ብላ ነው! ለእኛ ብላ አቆመችው!» እየተባባሉ ሰዎች ተቃቀፉ። እትዬ ደንቡ ብቻ አላጨበጨበችም። ለማንም ብላ አታቆምም። ልጇን ታውቃለች። አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ አንድ ስህተት አለ፣ ፈታኙም አጠገቧ ተቀምጧል።

እታለም እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«አየሽ? ለውዙን ወደደችው!»

«የቱን ለውዝ?»

«ከረጢቱ ውስጥ የከተትኩላትን ነዋ! አንቺ ጋሪውን ስታባርሪ። ትኩስ የተቆላ ለውዝ በመሐረብ ቋጥሬ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዴት እንደምትወድ ታውቂያለሽ።»

«እታለም።» እጅጌዋን ያዘቻት። «ናሷስ? ውስጡ የነበረችው ናስ?»

«ያቺ ብረት? ለውዙ አልገባ ስላለኝ አወጣኋታ። ሣጥኑ ሙሉ አይደል እንዴ ያለሽ፣ ለልጅ ደግሞ ብረት...» የእህቷን ፊት ስታይ ወደ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ጠቆመች። «ጠረጴዛው ላይ ናት። ጨርቁን ነፋስ እያነሳ አስቸገረኝ...»

እትዬ ደንቡ አልሰማቻትም፤ እግሬ አውጪኝ ብላለች። ይለፉ ከነጩ ጨርቅ ማዕዘን ላይ፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ፣ ቁጭ ብላ ታበራለች። ላፍ አድርጋ ወደ ሞተሩ ሮጠች። ፉርጎው አሥራ አንድ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ በግልባጭ ኮፍያ፣ አሥራ አንድ ፉርጎ። መንገደኞች በመስኮት «በርቺ!» አሏት፣ ለምን እንደምትሮጥ አንዱም ሳያውቅ። ከኋላዋ እታለም፣ ከእታለም ኋላ ባለሚዛኑ፣ ከባለሚዛኑ ኋላ መንደሩ ሁሉ ነጩን መስመር ጥሶ ይሮጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያልዘነጋችውን፣ ልጇን በእንባ ያስተማረችውን፣ አንዲት መቆለፊያ መክፈት! በደስታ ልጇን ጣለቻት።

ሞተሩ ከመውጫው ምልክት አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ልጅቷ መወጣጫው ላይ ቀለበቱን ይዛ ቀጥ ብላለች። ከጀርባዋ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ይታያል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፣ እጁ ላይ የእታለም መሐረብ ተፈትቶ ለውዙ ይጨሳል።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ድምጿን ቀጥ አድርጋ አስታወቀች፤

«የጣቢያው ኃላፊ፣ በሰጡኝ ከረጢት ውስጥ ይለፍ አላገኘሁም። ስለዚህ አቁሜያለሁ።»

በሃያ ስድስት ዓመቷ እናቷን «እርስዎ» ስትል መጀመሪያዋ ነው። እትዬ ደንቡ ኮፍያዋን አቃናች። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ይለፉ ይኸው፣ ነጂ። ያንብቡልኝ።»

ልጅቷ ናሷን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ከሰባት እስከ ስምንት።» ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። ቆለፈች።

ፈታኙ ጎንበስ አለ። «ይለፉን ከከረጢቱ ማን አወጣው?»

እታለም አፏን ከፈተች። እትዬ ደንቡ በክርኗ ወደ ኋላ ገፋቻትና፣

«ሳልከፍት፣ ሳላነብ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በመዝገቤ እጽፈዋለሁ» አለች። ከዚያ ያልታሰበ ነገር ወጣት። «ልጄ ግን ምንም አላጠፋችም፣ ጌታዬ!»

ፈታኙ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፈትን ቀለበቱ ክንዱ ላይ ከገባለት በኋላ ከረጢቱን የከፈተ ነጂ በጣት ነው የምቆጥረው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ እያልኩ እመክራለሁ፣ ማን ይሰማኛል! አንቺ ደግሞ የሰጠችሽ እናትሽ ናት። እናትሽን አላመንሽም?»

«እናቴ ስለሆነች ነው የከፈትኩት» አለች ልጅቷ። «ከእናትሽ እጅ ቢሆንም ከፍተሽ አንብቢ ብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባልከፍት ኖሮ ከመድረኩ ጫፍ ትመልሰኝ ነበር።»

ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የጠረገው በእታለም መሐረብ ስለነበር ጨው ነካውና ይባስ ደበዘዘበት። ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ ማንም አላየም።

«ስድስት ደቂቃ ዘገየን» አለ። «ይህ ደግሞ» ለውዙን ቋጥሮ ኪሱ ከተተ «ማስረጃ ነው።»

ባለሚዛኑ በመጨረሻ ደረሰ፤ መወጣጫውን በሁለት እጁ ይዞ ልጁን ከእግር እስከ ራስ አየ። ሦስት ቀን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው።

«ቀንሰሻል» አለ። «ሦስት ኪሎ ይሆናል።» ልጅቷ ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወረደ፣ እጅጌዋን ዓይኗ ላይ አሻሽታ ወደ ውስጥ ገባች። እትዬ ደንቡ አረንጓዴ ባንዲራዋን አነሳች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም ጮኸና ፈጣኑ ሄደ።

ከሰባት እስከ ስምንት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ መንደሩ ከቢሮው መስኮት ሥር ቆሞ አንድም ሰው አላወራም፤ ይህም ከፈጣኑ መቆም ያላነሰ ጉድ ነው። እታለም ጥግ ላይ ሽርጧን ፊቷ ላይ ጥላ ትነፋረቃለች። «ብረቱን ሸክም እንዳይሆንባት ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ። ያደረግሁት ለፍቅር ነው።»

«አውቃለሁ እታለም። ከፍተሽ ስታወጪ ማንበብ ነበረብሽ፤ እኔም ሳቀብል ማንበብ ነበረብኝ። በይ ተይ አሁን፣ ዓይንሽ ያብጣል።»

ግራጫውን መዝገብ አወረደች። አቧራውን እፍ አለችበት። ባዶውን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ በጥንቃቄ ጻፈች። ቀን፣ ሐሙስ። ባቡር፣ ፈጣኑ። ስህተት፣ ይለፍ የሌለበት ቀለበት ሳልከፍት አቀበልኩ። አጥፊ፣ የጣቢያው ኃላፊ። መዘግየት፣ ስድስት ደቂቃ። የመጨረሻው ረድፍ «ስህተቱን ያገኘው» ይላል። እዚያ ላይ ብዕሯ ቆመ። ረዳት ብላ ትጻፍ ወይስ ነጂ ብላ? የማታውቀውን አትጽፍም፤ ደንቡ ነው። ክፍት ተወችው።

ስልኩ ጮኸ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም፤ ከስምንት ቁጥር ነው። ከመስኮቱ ሥር ሰዉ በአንድነት ተነፈሰ።

«ሰባት ነኝ።»

«ፈጣኑ ደርሷል እትዬ፣ ይለፉንም ተቀብያለሁ፣ አንብቤዋለሁ።» ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ ግን። ሰውየው፣ ፈታኙ፣ ሞተሩን ለቆ ወረደ።»

«ወረደ? የት ሄደ?»

«ሦስተኛው ፉርጎ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ እንደ መንገደኛ። እግሩን ዘርግቶ ለውዝ ይቆረጥማል። ልጅሽ ሞተሩ ላይ ብቻዋን ናት፣ አሁን ልትነሳ ነው። ምን ልበል?»

እትዬ ደንቡ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ብዕሯን አነሳች፣ ክፍት ወደተወችው ረድፍ ወረደች፣ «ነጂዋ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መዝገቡን አዙራ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲያነበው መስኮቱ ላይ አቆመችው።